ወተት በጣሳ፤ ከፎገራ ሜዳ እስከ ጉምሩክ መዝገብ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ወረታ ይደርሳል። ወረታን ያሳደጋት መንገድ ነው። አንዱ ጎዳና ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው፣ ቻይናዎች የሠሩት፣ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወልድያ ይወርዳል። በምዕራብ ደግሞ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ዳር ተዘርግቶ ይታያል። መንገደኛው ሻይ ሊጠጣ ወርዶ ወደ አንዱ ሱቅ ጎራ ቢል፣ ከሳሙናውና ከብስኩቱ በላይ የዱቄት ወተት ጣሳ ተደርድሮ ያገኛል። አጠገቡ፣ ልጆች ዓይናቸውን የሚጥሉበት፣ ኮኮዋና ስኳር የተቀላቀለበት የወተት መጠጥ ዱቄት በትንንሽ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ጣሳው ላይ ለምለም ሣር ውስጥ የቆመች ላም ተሥላለች። መንገደኛው ከሱቁ በር ላይ ዘወር ቢል እውነተኛዋን ላም ያያታል። ከሥዕሏ ይልቅ ከስታለች፤ ሣሩም እንደ ሥዕሉ አይደለም።

ይህን ያየ ሰው “ለመሆኑ ወተት ወደ ወተት አገር እንዴት ተጭኖ መጣ?” ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ መልሱ ከእርዳታ እህል መጋዘን፣ ከቀበሌ ሱቅ፣ ከድሬዳዋ ባቡርና ከጉምሩክ መዝገብ ቤት ያዞራል። ደግሞ በየደረሰበት ወተቱ ስሙን ይለውጣል። አንድ ጊዜ መድኃኒት፣ አንድ ጊዜ ምጽዋት፣ አንድ ጊዜ የተከለከለ ዕቃ፣ አንድ ጊዜም ጣፋጭ ይባላል። ማን እንደሚጠጣውም የሚወስነው ይኸው ስሙ ነው።

አስቀድመን ግን ወደ ሜዳው እንመለስ። የፎገራን ሜዳ የሠሩት ርብና ጉማራ ናቸው። ሁለቱም ከጉና ተራራ እየተነሡ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈር ይዘው ይወርዱና ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ጎርፉ ሲሸሽ እርጥበቱ ይቀራል፤ ከእርጥበቱም ሣር ይበቅላል። ስለዚህ ባለከብቱ ክረምቱን መንጋውን ወደ ከፍታው ይነዳል፤ መስከረም ጠብቶ ውኃው ሲጎድል መልሶ ያወርደዋል። የፎገራ ከብት የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ የሆነው ዘር፣ የዚህ ምልልስ ፍሬ ነው። ረግረግ አያስደነግጠውም፤ በሬው ያርሳል፤ ላሚቱም ትታለባለች። በቀን የምትሰጠው ሁለት ሊትር ገደማ ነው። የሆላንድ ገበሬ ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። ለአገራችን ላም ግን ይህ የሚመሰገን ነው፤ የሆላንዷን ላም የፎገራ ረግረግ ውስጥ አቁሞ ማየትም ሌላ ሳቅ ያመጣል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ከሜዳው በስተሰሜን፣ እንፍራዝ አጠገብ፣ ጉዛራ ላይ ግንብ ያሠሩት ሥጋና ቅቤ ከማይጠፋበት አገር መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በዚያ አገር ወግ ወተት አይሸጥም ነበር። ወተት ለልጅ፣ ለአራስ፣ ለታመመና ለእንግዳ ነው። ገበያ የሚወጣው ቅቤው ነው፤ ከቅቤው የተረፈው አሬራ ይጠጣል ወይም አይብ ይሆናል። ወተት ላይ ጣዕም የመጨመሩን ጥበብም ቢሆን ከውጭ አልተማርነውም። የወተቱ ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል፤ እግረ መንገዱንም ያንን የምናውቀውን ጣዕም ይሰጠዋል። ፈረንጅ “ፍሌቨር” ብሎ በከረጢት የሚሸጥልንን እናቶቻችን ከምድጃ ዳር ያገኙት ነበር ማለት ነው።

አንድ ችግር ግን አለ፤ ጾም። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን የሚጾማቸው ቀኖች ተደምረው የዓመቱን እኩሌታ ይጠጋሉ። ላሚቱ ግን አትጾምም። በሁዳዴ የታለበው ወተት እስከ ፋሲካ አይቆይም። አባቶቻችን መልሱን በቅቤ አገኙት፤ አንጥረው፣ ቅመም ጨምረው፣ ዓመት አቆዩት። አውሮፓውያን ደግሞ ሌላ መልስ አገኙ። ወተት ከመቶው 87 ያህሉ ውኃ ነው፤ ውኃውን ካበረሩለት የቀረው ዱቄት ወር አይደለም ዓመት ይቆያል። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ስምንት ሊትር ያህል ወተት ይፈጃል። እንግዲህ አንዲት የፎገራ ላም አንድ ኪሎ ዱቄት ለመሙላት አራት ቀን መታለብ አለባት ማለት ነው፤ ያውም ጥጃዋ ሳይጠባ።

ዱቄቱን ጣፋጭ መጠጥ ያደረጉት ሰዎች አጀማመራቸው ከረሜላ ለመሸጥ አልነበረም። ሄንሪ ኔስሌ በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1867 ወተትና የስንዴ ዱቄት አዋሕዶ ያወጣው ለሕፃናት ምግብ ብሎ ነው። ሆርሊክ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች አሜሪካ ተሻግረው ወተትን ከብቅል ጋር ማድረቅ ጀመሩ። በ1904 ደግሞ በርን ከተማ ውስጥ ዋንደር የተባለው ፋብሪካ ብቅል፣ ወተት፣ እንቁላልና ኮኮዋ ያለበትን ኦቮማልቲን አወጣ፤ እንግሊዞች ከስሙ ላይ ጥቂት ፊደል ቆርጠው ኦቫልቲን አሉት። ደንበኞቹ በመጀመሪያ በሽተኞችና አቅመ ደካሞች ነበሩ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ብቅል ያው ብቅል ነው። እኛ ጠላ ጠመቅንበት፤ ስዊሶች ለታመመ ሰው አጠጡት። ማይሎ የመጣው በ1934 ከወደ አውስትራልያ ነው፤ ስሙም የተወሰደው በጉልበቱ ከታወቀ የጥንት ግሪካዊ ታጋይ ነው። ስሙን ብቻ ሰምቶ ዓላማውን መገመት ይቻላል። መድኃኒት የነበረው ጉልበት ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ለልጅ ካልገዙለት የሚያስለቅስ ነገር ሆነ።

ወደ እኛ አገር የመጣው ዘመናዊ ወተት መጀመሪያ በእግሩ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 ያህል የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጠ። ሾላ ላይ እርባታ ተቋቋመ፤ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ዩኒሴፍ ባደረገው እርዳታ የወተት ማቀነባበሪያ ተተከለ። አዲስ አበቤ የሾላን ወተት የለመደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ዱቄቱ የመጣው ደግሞ በሌላ በር ነው። በ1954 ዓ.ም. ግድም ከስዊድን በተገኘ ድጋፍ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ይህም በኋላ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ተቋም የሆነው ነው። ሐኪሞቹ ያገኙት ችግር ግልጽ ነበር፤ ጡት የሚጥለው ልጅ ከእንጀራና ከሽሮ በቀር የሚበላው የለውም። ስለዚህ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሽምብራ፣ ስቡ የወጣለት የወተት ዱቄት፣ ስኳርና ቫይታሚን አቀላቅለው አንድ ዱቄት ሠሩ። ስሙንም ፋፋ አሉት። ከዚህ የተሻለ የንግድ ስም በአማርኛ የወጣ አይመስለኝም። እናት ልጇን “ፋፋልኝ” ትላለች፤ ስሙ ምርቃት ነው። በዝቅተኛ ዋጋ ለመሸጥ የታሰበ፣ በአማርኛ የተሰየመ፣ ሠሪው ሐኪም የሆነ፤ እንደ እኔ አቆጣጠር ይህች አገር የራሷን ጣዕም ያለው የወተት ዱቄት ያኔ ሠርታለች። ቆይቶም ከዚያው ፋብሪካ ሴሪፋም ወጣ፤ ለእርዳታ የሚሆነው ፋሚክስም ተከተለ። ይህ ጸሐፊ በፋፋ ካደጉት አንዱ ነውና አድሏል ቢባል አይከራከርም።

ነገር ግን ፋፋ ውስጥ ያለችው የወተት ዱቄት ከየት ትመጣ ነበር? ወተት ከተረፋቸው አገሮች ነዋ። የአውሮፓ ማኅበር አገሮች ለገበሬዎቻቸው የወተት ዋጋ ዋስትና ሰጥተው ስለነበር ገበሬው ያልባል፤ መንግሥት ይገዛል፤ መጋዘን ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተከማቸው ስብ አልባ የወተት ዱቄት ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። የሚያደርጉት ቢጠፋቸው የከብት መኖ ውስጥ እንዲቀላቀል እስከ ማስገደድ ደርሰዋል። በ1984 (እ.ኤ.አ.) የወተት ኮታ አውጥተው ጎርፉን ገደብ ሲያበጁለት፣ በእኛ በኩል 1976 እና 1977 ዓ.ም. ነበር። ያ ዘመን ምን እንደነበር ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ከፎገራ ሜዳ በስተሰሜን ምሥራቅ እብናት አለች። በ1977 ዓ.ም. በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ረኃብተኛ እብናት መጠለያ ውስጥ ሰፍሮ ነበር። በዚያን ዘመን መመገቢያ ጣቢያዎች ለከሳ ልጅ የሚሰጠው በዱቄት ወተት፣ በዘይትና በስኳር የተዘጋጀ መጠጥ ነበር፤ በጣሳ ተለክቶ፣ በሰዓት ተቆጥሮ። በሚያዝያ ወር ባለሥልጣናቱ “ዝናም ጥሏል፣ ወደ እርሻህ ተመለስ” ብለው መጠለያውን በግድ አስለቀቁት፤ ነገሩ በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጥቶ ብዙ አነጋገረ። የፎገራን ቅቤ ዐይተው ያደጉ ሰዎች፣ ከሜዳው የአንድ ቀን መንገድ ያህል ርቀው፣ የአውሮፓ ላም ትራፊ ለልጆቻቸው እየለመኑ ነበር። ያ ዱቄት የብዙ ልጆችን ነፍስ አትርፏል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ግን ደግሞ በዚያው ዱቄት ምክንያት ወተት ማለት በጆንያና በጣሳ የሚመጣ ነገር ነው የሚል ሐሳብ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ተተክሎ ቀረ።

ከተማ ላይ ደግሞ ዱቄቱ ሌላ መልክ ነበረው። ከ1967ቱ የኢኮኖሚ አዋጆች ወዲህ የአስመጪነትና የጅምላ ንግድ ባብዛኛው ወደ መንግሥት ኮርፖሬሽኖች ተጠቃለለ፤ ኢቲሜክስ ያስመጣል፣ ኢዲዲሲ ያከፋፍላል፣ የቀበሌ ሱቅ ይሸጣል። በ1971 ዓ.ም. የተወረሱት የወተት እርባታዎችና የሾላው ማቀነባበሪያ አንድ ላይ ተዋሕደው የወተት ልማት ድርጅት ሆኑ። ድርጅቱም ከገበሬው የሚሰበስበው ወተት ሲያንሰው ከውጭ የመጣውን ዱቄት በውኃ በጥብጦ ይሞላው ነበር። ሸማቹ ሰልፍ ይዞ የሾላ ወተት ገዛሁ ሲል ግማሽ መንገዱን በመርከብ የመጣ ወተት ይጠጣ የነበረበት ጊዜ አለ።

በዚያው በ1970ዎቹ ፎገራ ላይ አንድ ሌላ እንግዳ መጣ፤ ሩዝ። በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ። ማኅበራቱ ሲፈርሱ ሩዙ አብሮ የሚቀር መስሎ ነበር። ገበሬው ግን ውኃ የሚተኛበት መሬቱ ምን እንደሚወድ ያውቃልና በ1980ዎቹ በራሱ ጉልበት አስፋፋው። ኤክስ ጅግና የተባለው ዘር ስሙን እንኳ ከቀበሌው ወሰደ። ሩዝ ከጤፍ ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ፤ ጭዱ መኖ ሆነ፤ ወረታም የሩዝ ከተማ ተባለች። በሩዝ ማንም ሊፈርድ አይችልም፤ የብዙውን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰ ሩዝ ነው። የተዘራው ግን ባዶ መሬት ላይ አልነበረም። ከብቱ መስከረም ላይ ይወርድበት የነበረው ሣር ላይ ነው። በቀረው ግጦሽ ላይ ደግሞ እሾሃሙ አሜኬላ ወረረ፤ ጣና ዳሩን ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ እምቦጭ ያዘው። ዘሩን ለማቆየት እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የአንዳሳ የከብት ማዕከል ባይኖር ኖሮ “የፎገራ ከብት” ስንል የምናሳየው መንጋ ማግኘት ይቸግረን ነበር።

የ1983ቱ ለውጥ ሲመጣ የመንግሥት ሱቅ ተዳከመ፤ የግለሰብ ሱቅ ተከፈተ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. የዶላር ዋጋ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ። በሕግ የሚያስመጣው ነጋዴ ወጪው ከእጥፍ በላይ ሲሆንበት፣ በሌላ በኩል የሚያስገባው ሰው ግን ከጥንትም ባንክ ደጅ ቆሞ አያውቅም። ከጅቡቲ በባቡር፣ ከሶማሌ ወደቦች በግመልና በአይሱዙ የሚገባው የዱቄት ወተት ድሬዳዋ ታይዋን ሰፈር ሲራገፍ ማየት ብርቅ አልነበረም። ኒዶ የሚለው የአንድ ፋብሪካ ስም የዱቄት ወተት ሁሉ መጠሪያ እስኪመስል ድረስ ቤተኛ ሆነ። ከጂዳ የመጣች ዘመድ ሻንጣዋን ስትከፍት የሚወጣው፣ አራስ ጥየቃ የሚሄድ ሰው በፌስታል ይዞት የሚገባው፣ ጣሳው እንኳ አልቆ የማይጣል፣ በርበሬ የሚቀመጥበት፣ አበባ የሚተከልበት እርሱ ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ የዚህ ታሪክ አስገራሚው ክፍል እዚህ ነው ያለው። ጉምሩክ ዕቃን የሚያውቀው በጣዕሙ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ኢትዮጵያም ጭምር የምትሠራበት ዓለም አቀፍ የዕቃዎች መዝገብ ተራ የዱቄት ወተትን፣ ስኳር ቢኖረውም ባይኖረውም፣ በ0402 ቁጥር ሥር ያስቀምጠዋል፤ ምዕራፉ የወተትና የእንቁላል ነው። ወተቱ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበት “ዝግጅት” ከሆነ ወደ 1901 ይሄዳል። ኮኮዋ ከገባበትና መጠኑ ከመቶ አምስት እጅ ከደረሰ ደግሞ ወደ 1806 ይሻገራል፤ ይህ የቸኮላት ቤት ነው። እንግዲህ አንድ ኪሎ የወተት ዱቄት ውስጥ አንድ ሁለት ማንኪያ ኮኮዋ ማነሱና መብዛቱ በመንግሥት ዓይን ምግብን ጣፋጭ ያደርገዋል። ላሚቱ ያው ላም ናት፤ መዝገቡ ግን አያውቃትም።

ይህ የቁጥር ጨዋታ የሚመስለው ገበያው ሰላም እስከሆነ ድረስ ነው። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ግን የጨዋታው ዳኛ መዝገቡ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ኑሮ ሲወደድ ስንዴ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝና የሕፃናት ወተት በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም አስመጪው ዶላሩን ከየትም አምጥቶ፣ ከባንክ ሳይጠይቅ እንዲያስገባ ፈቀደ። በዓመቱ፣ በጥቅምት 2015፣ 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ በኩል የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ታገዱ፤ ቸኮላትና ከረሜላን የመሳሰሉት ጣፋጮች ከታገዱት መካከል ነበሩ። የልጅ ወተት የከበረ እንግዳ፣ ቸኮላት የተባረረ እንግዳ ሆነ። በሁለቱ መካከል የሚኖረው፣ ወተትም ቸኮላትም የሆነው፣ ኮኮዋ ያለበት መጠጥ ነው። እርሱ የትኛው ነው? አባት ሱቅ ሄዶ “ለልጄ ወተት” ብሎ ይገዛዋል፤ መዝገቡ ደግሞ “ጣፋጭ” ይለዋል። በሕጋዊ መንገድ መግባት ያቃተው ዕቃ ሱቅ ውስጥ መታየቱን አያቆምም፤ ዋጋውና የመጣበት መንገድ ይለወጣሉ እንጂ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የ38ቱ ዕቃዎች እገዳ ተነሣ፤ የምንዛሪ ዋጋውም ለገበያ ተለቀቀ። በር ተከፈተ፤ ነገር ግን 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለነጋዴው የተከፈተው በር ለገዢው ከፍ ያለ ደፍ አበጀ።

ሁለተኛው ሕግ የጤናው ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ግብይት የሚመለከት ደንብ ያወጣው፣ የዱቄት ወተት ፋብሪካዎች በድሃ አገሮች ባደረጉት ማስታወቂያ ብዙ እናቶች ጡታቸውን ትተው ንጹሕ ባልሆነ ውኃ ዱቄት መበጥበጥ ስለጀመሩ ነው። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 661/2002፣ ኋላም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብ ቁጥጥሩን አጠናከሩት። የሕፃናት ወተት እንደልብ አይተዋወቅም፤ ያለ ፈቃድም አይገባም። እዚህ ላይ ግን ሾልኮ የሚያልፍ ነገር አለ። በጣሳ ያለው የሕፃናት ወተት አፉ ሲያዝ፣ ከጎኑ የተሰቀለው ባለ ቸኮላት ከረጢት “ያሳድጋል፣ ያጠነክራል” እያለ መጮኹን ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ልጆች ተብለው የሚሸጡ ወተቶችም በዚያው ደንብ ሥር እንዲታዩ መመሪያ አውጥቷል። ከረጢቱ ግን ዕድሜ አይጠይቅም። የሁለት ዓመት ልጅ እጁን ዘርግቶ ሲያለቅስ ባለሱቁም አይጠይቅም።

ቁጥጥሩን የምታማርር እናት እንዳለች ሁሉ፣ ቁጥጥር ማጣቱም ምን እንደሚያደርግ ታይቷል። በቻይና እ.ኤ.አ. በ2008 ሜላሚን የተባለ ኬሚካል በሕፃናት የወተት ዱቄት ውስጥ ተቀላቅሎ ስድስት ሕፃናት ሞቱ፤ 300 ሺህ ያህል ታመሙ። የእኛም የአገር ቤት ወተት ከነቀፋ አላመለጠም። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ የተደረገ ጥናት ከአንድ መቶ በላይ ናሙና መርምሮ ከአሥሩ ዘጠኙ ከአውሮፓ ወሰን ያለፈ አፍላቶክሲን እንዳለበት ሲያሳይ፣ የከተማ እናቶች ደንግጠው ከትኩስ ወተት ሸሹ፤ ብዙዎቹም ፊታቸውን ወደ ጣሳው አዞሩ። የመርዙ ምንጭ የተባለው የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነው። ግጦሽ ያጣ ከብት የሚበላው ፋጉሎ ነው። ፎገራ ላይ ሣሩ ሲያልቅ የሚመጣው ምን እንደሆነ ከዚህ መገመት አያስቸግርም።

ወረታ ዛሬ ደረቅ ወደብም አላት። ኮንቴይነር የሚራገፍበት ግቢ ሲሠራ የከተማዋን አቀማመጥ ማን ይነቅፋል? ከጎንደር የሚመጣው፣ ከባሕር ዳር የሚመጣውና ከወልድያ የሚመጣው እዚያ ይገናኛል። ቀድሞ ከአዲስ አበባ ጅምላ ሻጮች እየተገዛ ሁለት ቀን ተጭኖ ይመጣ የነበረው የውጭ ዕቃ አሁን ራሷ ወረታ ላይ ቀረጡ ሊከፈልበት ይችላል። በዚህም የወተት መዝገቡ፣ 0402ም 1901ም 1806ም፣ ከሜዳው አጠገብ ወንበር አገኘ።

በገበያ ቀን ሩዝ የሚሰፈርበትን ተራ ዞር ብዬ አየሁ። ከሻጮቹ አንዷ መስፈሪያዋ አሮጌ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ጽሑፉ በመፋቁ ብዛት የየት አገር እንደሆነ አይነበብም። ላሟ ግን አልጠፋችም፤ እግሯ ድረስ ሣር ውስጥ ቆማ በየስፍሩ ከሩዙ ክምር ውስጥ ትገባለች፣ ትወጣለች።